ከሰርቨሩ ዲስኮች አንዱ ሲወድቅ፦ ዳታው ሳይጠፋ ችግሩን መፍታት

ሰርቨር ክፍል ሲገቡ ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት ሲብለጨለጭ ካዩ፣ ወይም «ቨርቹዋል ዲስክ ዲግሬድድ» የሚል መልእክት ከደረሰዎ፣ አስቀድሜ የምለምንዎ ዲስኩን እንዳይነቅሉ ነው። ሰርቨሩንም አያጥፉ። «አጥፍቼ ባበራው ይስተካከል ይሆናል» ብለው ሪስታርት አያድርጉ። ተጠቃሚዎች አሁንም ፋይላቸውን እየከፈቱ ከሆነ ሬይዱ የተሠራለትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው። ከዚህ ወዲያ ዳታው መትረፉም መጥፋቱም በአብዛኛው የሚወሰነው በወደቀው ዲስክ አይደለም፤ ቀጥሎ እርስዎ በሚወስዷቸው እርምጃዎች ቅደም ተከተል ነው።

ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በ1988 ሬይድን ያስተዋወቀውን ጥናት ሲያቀርቡ፣ ዲስክ መውደቁ እንደማይቀር አምነው ነው የተነሱት። ዲስኮች በበዙ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የሚወድቅበት ቀን ይቀርባል፤ ስለዚህ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ የእሱን ዳታ አስልተው እንዲያወጡ ተደረገ። ሬይድ እንግዲህ የሚሰጥዎ ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ውድቀት እስከ ሁለተኛው ያለውን ጊዜ። ያ ጊዜ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። የሚከተሉት እርምጃዎች ሁሉ ያንን ጊዜ በከንቱ እንዳያባክኑት፣ በችኮላም እንዳያሳጥሩት የታሰቡ ናቸው።

እዚህ የምናወራው በሃርድዌር ኮንትሮለር ስለሚመራ ሬይድ ነው። በዴል ፓወርኤጅ ላይ ፐርክ፣ በኤችፒኢ ፕሮላያንት ላይ ስማርት አሬይ፣ በሌሎች ብዙ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ሜጋሬይድ የሚባሉትን ያጠቃልላል። ስማቸውና የስክሪናቸው አቀማመጥ ይለያይ እንጂ መርሁ አንድ ነው።

ስንት ዲስክ ማጣት እንደሚችሉ ይወቁ

ዊንዶውስም ሆነ ኢኤስኤክስአይ አንድ ትልቅ ዲስክ ብቻ ነው የሚያዩት፤ በስሩ ያሉትን ዲስኮች ኮንትሮለሩ ይሸፍናቸዋል። እውነተኛውን ሁኔታ ለማየት በዴል ላይ አይድራክ፣ በኤችፒኢ ላይ አይሎ ውስጥ ገብተው የስቶሬጅ ገጹን ይክፈቱ። ኮማንድ የሚመርጡ ከሆነ ለፐርክ ፐርክሲኤልአይ፣ ለሜጋሬይድ ስቶርሲኤልአይ፣ ለስማርት አሬይ ኤስኤስኤሲኤልአይ አለልዎ። ማየት ብቻ ከሆነ ምንም ጉዳት የለውም።

መጀመሪያ የሚፈልጉት የሬይዱን ደረጃ ነው። ሬይድ 0 ከሆነ ምንም መተኪያ የለውም፤ አንድ ዲስክ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። ሬይድ 1 ከጥንዱ አንዱን ቢያጣ ይቋቋማል። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ብቻ፣ ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ ቢያጣ ይቋቋማል። ሬይድ 10 ሰዎችን የሚያሳስት ነው፤ ከየጥንዱ አንድ አንድ ቢወድቅ ይቋቋማል፣ የወደቀው ዲስክ ጥንድ ከተከተለ ግን ሁለት ዲስክ ብቻ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። አንድ ዲስክ የጎደለው ሬይድ 5 በዚያች ሰዓት ከሬይድ 0 የተሻለ ጥበቃ እንደሌለው ልብ ይበሉ።

ባክአፕ፣ ከዲስክ መቀየር በፊት

ብዙ ሰው አዲሱን ዲስክ ለመክተት ይጣደፋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ አዲስ ዲስክ በእጅዎ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ባክአፑን ያረጋግጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሪቢልድ፣ ማለትም የጎደለውን ዳታ በአዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ መሥራት፣ ሲጀመር ኮንትሮለሩ የቀሩትን ዲስኮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል። ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ፋይሎች ያሉባቸው ቦታዎች ሁሉ ይነበባሉ፤ ተደብቆ የቆየ ብልሽት ካለ የሚወጣው ያኔ ነው።

የትናንት ምሽቱ ባክአፕ ተሳክቷል? «ሰክሰስ» የሚለውን ቃል ብቻ አይመኑ፤ አንድ ፋይል ወይም አንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ ማሽን መልሰው ይክፈቱት። ባክአፑ የተቀመጠው በዚያው ሬይድ ላይ በሌላ ፓርቲሽን ከሆነ እንደሌለ ይቁጠሩት። ባክአፕ ከሌለ ወይም ያረጀ ከሆነ አሁኑኑ ይጀምሩ፤ ግን መላውን ዲስክ በአንዴ አይቅዱ። ከትንሹና ከማይተካው ይነሱ፦ የፋይናንስና የደመወዝ ዳታቤዝ፣ የደንበኞች መዝገብ፣ የቨርቹዋል ማሽኖቹ ኮንፊገሬሽን። የፊልምና የፎቶ ማከማቻው መጨረሻ ላይ ይድረስ። መንገድ ላይ ሌላ ዲስክ ቢወድቅ ዋናው ነገር ወጥቷል።

ባክአፑ እየተቀዳ እያለ ሌላ ሥራ አለልዎ። የኮንትሮለሩን ሙሉ ሎግ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ያውጡ። የእያንዳንዱን ዲስክ ስሎት፣ ሲሪያል ቁጥር፣ ሞዴልና ሁኔታ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ስክሪኑንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ነገ ነገሩ ቢባባስ የትኛው ዲስክ ቀድሞ እንደወደቀ የሚነግርዎ ይህ ወረቀት ነው፤ ያ መረጃ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በኋላ እናየዋለን።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ዲስክ «ፌይልድ» ሲባል ኮንትሮለሩ አስወጥቶታል ማለት ነው። «ሚሲንግ» ከሆነ ጭራሽ አያየውም። «ፎሪን» ማለት ዲስኩ ላይ የተጻፈው የሬይድ መረጃ ኮንትሮለሩ አሁን ከያዘው ጋር አይገጥምም ማለት ነው። «ፕሪዲክቲቭ ፌይለር» ደግሞ ዲስኩ እስካሁን ይሠራል፣ ግን ራሱን በራሱ መርምሮ መውደቂያው እንደተቃረበ እየተናገረ ነው። የዴል መብራቶችም ይህንኑ ይናገራሉ፦ በሴኮንድ አራት ጊዜ የሚብለጨለጭ ብርቱካናማ የወደቀ ዲስክ ነው፤ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ጥፍት የሚል መውደቂያው የተተነበየለት ነው፤ በዝግታ የሚብለጨለጭ አረንጓዴ ሪቢልድ ላይ ነው። በኤችፒኢ ላይ የማይብለጨለጭ ብርቱካናማ የወደቀውን ያመለክታል። በብዙዎቹ የኤችፒኢ ዲስክ መያዣዎች ላይ «አትንቀል» የሚል ነጭ መብራት አለ፤ እሱ በርቶ ሳለ ያንን ዲስክ መንቀል ቨርቹዋል ዲስኩን ይጥለዋል።

ከሁኔታው ይልቅ ግን ቁጥሮቹ ይበልጥ ይናገራሉ። በፐርክና በሜጋሬይድ ላይ ለእያንዳንዱ ዲስክ ሦስት ቆጣሪዎች አሉ፦ ሚዲያ ኤረር፣ አዘር ኤረር እና ፕሪዲክቲቭ ፌይለር። ሚዲያ ኤረር ዲስኩ ከራሱ ገጽ ላይ ማንበብ ያቃተውን ይቆጥራል። አዘር ኤረር ደግሞ በዲስኩና በኮንትሮለሩ መካከል ያለው ንግግር ሲቋረጥ የሚጨምር ነው።

እንበልና ባለ አምስት ዲስክ ሬይድ 5 ፊት ቆመዋል። ስሎት 3 ፌይልድ ይላል፤ ሚዲያ ኤረሩ 0፣ አዘር ኤረሩ 47 ነው። የስሎት 1 ዲስክ ኦንላይን ነው፣ መብራቱም አረንጓዴ ነው፤ ሚዲያ ኤረሩ ግን 112 ደርሷል። ዓይን የሚስበው ስሎት 3 ነው። ሊያስፈራዎ የሚገባው ግን ስሎት 1 ነው። ስሎት 3ን ቀይረው ሪቢልድ ሲጀምሩ ኮንትሮለሩ ስሎት 1ን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት፤ እሱ ደግሞ ማንበብ ያቃተው ቦታ እንዳለ አስቀድሞ 112 ጊዜ ተናግሯል። ስሎት 3 በበኩሉ ገጹ ንጹሕ ሆኖ ግንኙነቱ ብቻ የተቋረጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሥዕል ካዩ ሪቢልዱን አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ።

ጎግል በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን የዳሰሰ ጥናት አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው የስካን ስህተት የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ስህተት ካልታየበት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ከወደቁት ዲስኮች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በስማርት፣ ማለትም በዲስኩ የራስ ምርመራ መዝገብ፣ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። ስለዚህ መጥፎ ቁጥር ሲያዩ ይመኑት፤ ጥሩ ቁጥር ሲያዩ ግን ልብዎን ሙሉ በሙሉ አያሳርፉ።

ስማርትን በቀጥታ ማየት ከፈለጉ ስማርትሲቲኤል የተባለው መሣሪያ በሜጋሬይድና በፐርክ ሥር ያሉትን ዲስኮች ማንበብ ይችላል። በሳታ ዲስክ ላይ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 የሆኑትን መስመሮች ይመልከቱ፤ የተተኩ፣ ሊተኩ የሚጠባበቁና ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮችን ይቆጥራሉ። ቁጥር 199 ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ጥርጣሬዎን ከዲስኩ ወደ ኬብሉና ዲስኮቹ ወደሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ወደ ባክፕሌኑ፣ ያዙሩ።

ጥፋቱ የዲስኩ ነው ወይስ የሌላ?

አዲስ ዲስክ ተገዝቶ በዚያው ስሎት ገብቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱም «ወደቀ» ከተባለ፣ ሦስተኛ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ይቁሙ። አንድ ስሎት ላይ ብቻ የሚደጋገም ውድቀት የባክፕሌን ወይም የማገናኛ ችግር ነው። ብዙ ዲስኮች በአንዴ፣ በተመሳሳይ ደቂቃ ከጠፉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሞቱ ብሎ ማመን ይከብዳል፤ የጋራ የሆነውን ነገር ይፈልጉ። ወደ ባክፕሌኑ የሚሄደው የሳስ ኬብል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ኤክስፓንደሩ ወይም ኮንትሮለሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የዲስኩ ዓይነትም ጥፋት የሚመስል ነገር ያመጣል። ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲስክ መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል። ለሰርቨር የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ 7 ሴኮንድ ያህል ሞክሮ ስህተቱን ለኮንትሮለሩ ያስረክባል፤ ኮንትሮለሩም ከሌሎቹ ዲስኮች አስልቶ ያስተካክለዋል። የዴስክቶፕ ዲስኩ ዝም ብሎ ሲቆይ ኮንትሮለሩ «መልስ አይሰጥም» ብሎ ያስወጣዋል። በኋላ ዲስኩን አውጥተው በላፕቶፕ ሲፈትሹት ደህና ነው፤ እውነትም ደህና ነው፣ ግን ለሬይድ አይሆንም።

ፈርምዌርን የሚረሳ ብዙ ነው። ኤችፒኢ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ገደማ፣ ማለትም በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 2019፣ አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲ ዲስኮቹ 32,768 ሰዓት ከሠሩ በኋላ ከነዳታቸው እንደሚሞቱ አሳወቀ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። በማርች 2020 ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ 40,000 ሰዓት ሲሞላ የሚደርስ ተመሳሳይ ችግር ይፋ ሆነ። መፍትሔው የፈርምዌር ማሻሻያ ነበር፤ ግን ሰዓቱ ከመሙላቱ በፊት ካልተጫነ ዲስኩም ዳታውም አይመለሱም። ያስቡት፦ ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ በአንድ ቀን የተጫኑ ስምንት ዲስኮች በአንድ ሰዓት ውስጥ አብረው ይወድቃሉ። ሬይድ 6 ቢሆን፣ ሬይድ 10 ቢሆን ምንም አያድንም። የዲስኮችዎን ሞዴልና የፈርምዌር ቁጥር ከአምራቹ ማሳሰቢያዎች ጋር ማመሳከር የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም።

ሙቀትና መብራት በእኛ አገር የራሳቸው ገጽታ አላቸው። ብዙ የዴል ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሠሩ ተብለው የተመዘኑ ናቸው፤ ሰነዱን ዝቅ ብለው ሲያነቡት ግን ከ950 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሲሰላ የተፈቀደው ጣሪያ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው፤ ቀጭን አየር ሙቀትን ጠርጎ የማውጣት አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ነው። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ኤሲ አያስፈልግም» ተብሎ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል የተቀመጠ ሰርቨር ከአምራቹ ወሰን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። የፊት መረቡን አቧራ ያጽዱ፤ ባዶ ስሎቶችንም በመሸፈኛቸው ይዝጉ፣ አለዚያ አየሩ በዲስኮቹ መካከል ማለፉን ትቶ በባዶው በኩል ያመልጣል።

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ክፍተት ደግሞ የኮንትሮለሩን ባትሪ ትፈትናለች። ኮንትሮለሩ ገና ዲስክ ላይ ያልጻፈውን ዳታ በካሹ ይይዛል፤ መብራት ሲቋረጥ ያንን ዳታ የሚያቆየው ባትሪው ወይም ካፓሲተሩ ነው። ባትሪው ሲደክም ኮንትሮለሩ በራሱ ከራይት ባክ (በካሽ ይዞ ቆይቶ ከመጻፍ) ወደ ራይት ስሩ (በቀጥታ ዲስክ ላይ ወደ መጻፍ) ይዞራል፤ ተጠቃሚዎችም «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» ይላሉ። ያኔ ፍጥነቱን ለመመለስ ብሎ ራይት ባክን በግድ የሚያስቀጥለውን ምርጫ የሚያበራ ሰው አለ። እባክዎ አያድርጉት፤ ባትሪውን ይቀይሩ።

ተተኪውን መምረጥ

አቅሙ ከወደቀው እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ሳስ በሳስ፣ ሳታ በሳታ፣ ኤስኤስዲ በኤስኤስዲ ይተኩ። የሴክተሩ መጠንም መግጠም አለበት፤ ባለ 512 ባይት ሴክተር ከሆነው ሬይድ ውስጥ ንጹሕ የ4 ኪሎባይት ዲስክ አይገባም። በሳታ ሃርድ ዲስክ ላይ ኤስኤምአር ከሚባለው አጻጻፍ ይራቁ። ዌስተርን ዲጂታል በ2020 ለናስ ከሚሸጣቸው የሬድ ዲስኮቹ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ አንዳንድ ሞዴሎች ኤስኤምአር መሆናቸውን ካመነ በኋላ፣ በሌላኛው አጻጻፍ የተሠሩትን ሬድ ፕላስ በሚል ስም ለይቷቸዋል። ኤስኤምአር ዲስክ ያለማቋረጥ ሲጻፍበት ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ሪቢልድ ደግሞ ያለማቋረጥ መጻፍ ነው።

ገበያ ላይ ያገለገለ ዲስክ «አዲስ» ተብሎ ቢቀርብልዎ ከመክፈልዎ በፊት የሠራበትን ሰዓት በስማርት ያሳዩኝ ይበሉ። 40 ሺህ ሰዓት የሠራ ዲስክ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሳያርፍ ዞሯል። ከሌላ ሰርቨር የወጣ ከሆነም የቀድሞ ሬይድ መረጃ ይኖርበታል፤ ቢቻል በሌላ ማሽን ላይ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ይዘውት ይምጡ።

መቀየር

በብዙ ሰርቨሮች ላይ ስሎት የሚቆጠረው ከ0 ነው። በእነዚህ ላይ «ስሎት 3» አራተኛው ዲስክ ነው፤ ከ1 ቆጥሮ ሦስተኛውን የነቀለ ሰው ጤነኛውን ነቅሎ ሬይድ 5ን አፈረሰ ማለት ነው። በግምት ከመቁጠር ይልቅ በአይድራክ ወይም በኮማንድ የዲስኩን መብራት እንዲብለጨለጭ ያድርጉ፤ ሌላ ሰው ሰርቨሩ ፊት ቆሞ የሚያየውን ይንገርዎ። ዲስኩ ጭራሽ ሞቶ መብራቱ አልበራ ካለ የሌሎቹን አንድ በአንድ አብርተው ያረጋግጡ፤ የቀረው እሱ ነው።

ዲስኩ በፕሪዲክቲቭ ፌይለር ላይ ብቻ ከሆነና ባዶ ስሎት ካለዎት ከመንቀል የተሻለ መንገድ አለ። አዲሱን በባዶው ስሎት ከተው «ሪፕሌስ ሜምበር» ወይም «ኮፒባክ» የሚባለውን ያስጀምሩ። ዳታው ከደከመው ዲስክ ወደ አዲሱ በቀጥታ ይገለበጣል፤ ሬይዱ አንዲት ደቂቃም ሳይጎድል ሥራው ያልቃል።

ፌይልድ የሆነውን ሲያወጡ ሰርቨሩ እንደበራ ይሁን፤ የፊት ስሎቶቹ ለዚያ የተሠሩ ናቸው። የመያዣውን ቁልፍ ተጭነው እጀታው ሲከፈት ዲስኩን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ሳብ ያድርጉትና 30 ሴኮንድ ይጠብቁ። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ ሺህ ጊዜያት ሲዞር ቆይቷል፤ እየዞረ ሳለ እጅዎ ላይ ቢያዘነብሉት ይጎዳል፣ ምናልባት በኋላ ዳታ ለማውጣት ይፈልጉት ይሆናል። ሲቆም ሙሉ በሙሉ ያውጡትና ሲሪያል ቁጥሩን ከጻፉት ጋር ያመሳክሩ። ከገጠመ አዲሱን በመያዣው አስረው እስከ መጨረሻው ይግፉና እጀታውን ይዝጉ። አሮጌው ላይ ቀን፣ ስሎትና ምክንያት ጽፈው ያስቀምጡት፤ ሪቢልዱ እስኪያልቅ ድረስ አይጣሉት፣ ለማንም አይስጡት።

ሪቢልድ

አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጀምራል። ካልጀመረ የአዲሱን ዲስክ ሁኔታ ይዩ። «አንኮንፊገርድ ጉድ» ከሆነ ሆት ስፔር (ተጠባባቂ ዲስክ) አድርገው ይመድቡት፤ ወዲያው ይጀምራል። «ፎሪን» ከሆነ ላዩ ያለው የቀድሞ መረጃ መጥፋት አለበት፤ ነገር ግን ፎሪን የሆነው ያ ዲስክ ብቻ መሆኑን ሳያረጋግጡ «ክሊር» አይበሉ። ትእዛዙ በኮንትሮለሩ ላይ ያሉትን ፎሪን ዲስኮች በሙሉ ሊያጸዳ ይችላል፤ ከእነሱ አንዱ የእርስዎ ሬይድ አባል ከሆነ ሬይዱን በገዛ እጅዎ አጠፉት ማለት ነው።

ጊዜውን አስቀድመው ያስሉ። 4 ቴራባይት ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍበት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ 8 ቴራባይት ደግሞ 15 ሰዓት ገደማ። ይህ ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ሲውል ነው። ሥራ ላይ ካለ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ምክንያቱም በሜጋሬይድ ላይ የሪቢልድ ድርሻ ሳይነካ ሲቀር 30 በመቶ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ከፍ ያድርጉት። ከባድ ሪፖርትና የሌሊት ስካን የሚያደርጉ ሥራዎችን ያቁሙ፤ የዩፒኤሱን ባትሪና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ያረጋግጡ። በየሰዓቱ ሂደቱን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን ዲስኮች የሚዲያ ኤረር ቁጥር ይዩ።

ስለ ሬይድ 5ና ስለ ትልልቅ ዲስኮች አቋሜን ልናገር። ለብዙ ተራ ሳታ ዲስኮች አምራቾቹ የሚሰጡት ወሰን በ12.5 ቴራባይት ንባብ አንድ የማይነበብ ሴክተር ድረስ ነው። አምስት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ያሉበት ሬይድ 5 ሲታደስ 16 ቴራባይት ይነበባል። ለሰርቨር የተሠሩ ዲስኮች ወሰናቸው አብዛኛውን ጊዜ አሥር እጥፍ የተሻለ ነው፤ ያም ሆኖ አንዲት ስህተት ብትገኝ የሚያስተካክላት ሌላ ዲስክ የለም። ስለዚህ ለትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ሬይድ 5ን አልመክርም፤ ሬይድ 6 ወይም 10 ይሁን።

ሪቢልዱ አልቆ «ኦፕቲማል» ካለም በኋላ ሎጉን ያንብቡ። «ፐንክቸር» የሚል ቃል ካለ፣ በእድሳቱ መካከል ሁለት ዲስኮች በአንድ ቦታ ላይ ስህተት ኖሯቸው ኮንትሮለሩ ያንን ቦታ «የማይነበብ» ብሎ ምልክት አድርጎበት አልፏል ማለት ነው። ዲስክ ቢቀያየር ይህ ምልክት አይጠፋም፤ ወደ አዲሱም ይተላለፋል። ባክአፕ ወስዶ ቨርቹዋል ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና መሥራትና ዳታውን መመለስ ብቻ ነው መውጫው።

ሁለተኛው ዲስክ ከወደቀ

ሬይድ 5 ላይ ሁለት ዲስክ ወጥቶ ቨርቹዋል ዲስኩ «ኦፍላይን» ካለ፣ ዳታው ጠፍቷል ብለው አይደምድሙ። በዚህ ሰዓት የሚያጠፋው የሚነካው እጅ ነው። «ኢኒሻላይዝ» የሚለውን በፍጹም አይንኩ፤ ዊንዶውስ ዲስኩን ፎርማት ላድርግ ብሎ ቢጠይቅዎ እምቢ ይበሉ፤ በተሰበረ ሬይድ ላይ ቼክዲስክ ወይም ኤፍኤስሲኬ አያስኬዱ።

ያ የጻፉት ወረቀት ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የወደቁ ዲስኮች እኩል አይደሉም። ቀድሞ የወደቀው ከወደቀበት ደቂቃ ጀምሮ የተጻፈውን ነገር ሁሉ አያውቅም፤ ከሦስት ወር በፊት ወድቆ ማንም ሳያየው ቀርቶ ከሆነ የሦስት ወር ዳታ የለውም። ኋላ የወደቀው ግን ሬይዱ እስከቆመባት ቅጽበት ድረስ ያለውን ይዟል። ስለዚህ ለመመለስ የሚሞከረው ኋላ የወደቀው ብቻ ነው። ቀድሞ የወደቀውን «ፎርስ ኦንላይን» ማድረግ አሮጌ ዳታን ከአዲስ ጋር ይቀላቅላል፤ ዳታቤዙ ያኔ ይበላሻል፣ ባለሙያም ሊፈታው አይችልም።

በስህተት ጤነኛ ዲስክ ነቅለው ሬይዱ ከቆመ ሌላ ነገር አይሞክሩ። ሰርቨሩን ያጥፉ፣ ያንኑ ዲስክ በዚያው ስሎት ይመልሱ፣ ሲያበሩት ኮንትሮለሩ ፎሪን ኮንፊገሬሽን አለ ይልዎታል። መጀመሪያ «ፕሪቪው» ብለው የሚታየው ቨርቹዋል ዲስክ የእርስዎ መሆኑንና ቀድሞ የወደቀው ዲስክ እንዳልተካተተ ያረጋግጡ፤ ከዚያ «ኢምፖርት» ያድርጉ። ሲነሳ የመጀመሪያው ሥራ ባክአፕ ነው።

ሁለቱም ዲስኮች በእውነት የተጎዱ ከሆነና ባክአፕ ከሌለ፣ ዳታው ለመሥሪያ ቤቱ የህልውና ጉዳይ ከሆነ ሰርቨሩን አጥፍተው ዳታ መልሶ የሚያወጣ ባለሙያ ይጥሩ። አቅሙ ያለው ቴክኒሽያን በቅርብ ካለ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ሬይድ ወደማይሠራ ተራ ኮንትሮለር አውጥቶ በጂኤንዩ ዲዲሬስኪዩ ሙሉ ቅጂያቸውን ይውሰድ፤ ማንኛውም ሙከራ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይደረግም። ኋላ የወደቀው ዲስክ የሚያንኳኳ ድምፅ ካሰማ ግን ኤሌክትሪክ እንዳይነካው ያድርጉ።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ

አንድ ሆት ስፔር በሰርቨሩ ውስጥ፣ አንድ ተተኪ ዲስክ መደርደሪያ ላይ ይኑርዎ፤ ዲስኩ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ይህ ወጪ ትርፍ አይደለም። ፓትሮል ሪድ መብራቱን ያረጋግጡ፤ በሜጋሬይድ ላይ ካልተነካ በ168 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት አንድ ጊዜ ዲስኮቹን ያስሳል። ኮንሲስተንሲ ቼክ በወር አንዴ ያስኬዱ። አዲስ ሰርቨር ሲገዙ ደግሞ ዲስኮቹ በሙሉ ከአንድ የምርት ዙር ባይሆኑ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ዛሬውኑ እንዲያደርጉ እጠይቅዎታለሁ። አይድራክ ወይም አይሎ ውስጥ ገብተው የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ለማን እንደሚሄድ ያንብቡ። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው አድራሻ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ላይጻፍበትም ይችላል። የእርስዎንና የአንድ ባልደረባዎን አድራሻ ያስገቡ፣ «ቴስት» የሚለውን ይጫኑ፣ መልእክቱ ስልክዎ ላይ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ገጽ አይውጡ።